ሰባተኛው ሣጥን

ክዳኑን ስትከፍት ቀስ በል፣ አንተ ሰው፣
ሸረሪት አለች፣ ቤቷን አታፍርሰው።
ስልክህ ከሳተላይት መንገዱን ጠይቆ
ከዚህ ግንብ ሥር ጣለህ፣ ከአደባባይ አርቆ፤
ሦስት እርምጃ ያህል ግን ይስታል ብልሃቱ፣
ከዚያ ወዲያ ሥራው የጉልበት፣ የጣቱ።
ሳማ ለበለበህ? ይቅርታ፣ እኔው ነኝ፣
ነቅዬ ልጣል ስል እጄ ያልታዘዘኝ።

ስሜ አልዊን ትሬስ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ጎህ ሳይቀድ ወተት አደልኩ፣ ለዋይምበሪ ለሁሉ።
የማን በር እንደሚያቃስት፣ የማን ውሻ እንደሚነክስ፣
ማን ሁለት ጠርሙስ አዝዞ አንዱን እንደሚመልስ፣
ባሏ ከሞተባት ሰባት ዓመት ቢቆጠር
ዛሬም የሱን ወተት የምታዝ እንዳለች ጭምር፦
ለእኔ ታሪክ ማለት ይኸው ብቻ ነበር።

ጡረታ ስወጣ መኪናዬን ሸጥኩና
ሰባት የምሳ ዕቃ አረንጓዴ ቀባሁና
በየጉራንጉሩ ሸሸግኩ። በየሆዳቸው
እርሳስ፣ ትንሽ ደብተር፣ አንዳንድ ወሬ አላቸው።

አንደኛውን ከመቃብሩ ቦታ አግኝተኸዋል፤
ድንጋይ ጠራቢው በወረርሽኙ ዓመት
የሦስት ልጆቹን ስም ሲቀርጽ አምሽቶ ሌሊት
ለራሱ የተወው ስፍራ ባዶ ቀረ፤
ጠራቢው እሱ ብቻ፣ ማን ይጻፍለት ነበረ?

ሁለተኛው ከወንዙ። የገዳሙን ደወል
ሌቦች ሲያሸሹት ነው አሉ፣ ጀልባው ተገልብጦ፤
ጭጋግ ሲወርድ ይጮኻል፣ ከጭቃው ተቀምጦ።
ሽማግሌ ሁሉ «ሰምቻለሁ» ብሎ ይምላል።
እኔ በዚያ ጭጋግ አርባ አንድ ዓመት ሳዘግም
ከጠርሙሶቼ ኳኳታ በቀር ሰምቼ አላውቅም።
ምናልባት እነሱም… ይቅር፣ አልጨርሰውም።

አራተኛውን አትፈልግ፣ ጎርፍ ይዞት ሄዷል፤
አምስተኛው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ዝጓል፤
ስድስተኛው ውስጥ አንድ ሰው
የጠፋ የልደት ሻማ ትቷል።

ስለ ሦስተኛው ግን ንስሐ አለብኝ።
ከድልድዩ ሥር ያለው፣ «አፏጪዋ እመቤት»፦
የወፍጮ ቤት ልጅ ናት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣
ወዳጇ በጀልባ ሄዶ የቀረባት፣
ረፋድ ረፋድ ወጥታ ስታፏጭለት
ዳክዬዎች ብቻ መልስ የሰጧት ሴት።

ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣
ኩሽናዬ ውስጥ፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ማክሰኞ።

የወፍጮ ቤት ልጅ የለችም። ዶርካስ ነበረች፣ ሚስቴ፤
ባዶ ጠርሙስ ጭኜ ስመለስ ወደ ቤቴ
ከድልድዩ ቆማ፣ ሁለት ጣት አፏ ከታ፣
እንደ ጎረምሳ ታፏጭ ነበር፣ ማንንም ሳትፈራ፦
ሻይ ፈልቷል ማለት ነው።

አንድ ረፋድ ድልድዩ ዝም አለ።

ስለዚህ ጻፍኳት። ስሟን ከወሬው ሥር ከትቼ፣
ሰሙን ለፈላጊ፣ ወርቁን ለራሴ ትቼ።

አሁን ጉድ ፈላ። ቄሱ ሰበኩባት።
ምክር ቤቱ የነሐስ ሰሌዳ ሊያቆምላት
ገንዘብ ይሰበስባል። (አምስት ፓውንድ ሰጠሁ፣ ምን ላድርግ?)
ባለፈው እሑድ ደግሞ ታምሲን የምትባል ልጅ፣
ጥርሷ የወለቀ፣ ከድልድዩ ደጅ
እጄን ይዛ አስቆመችኝ፦
«ስለ አፏጪዋ አታውቅም እንዴ?
አያቴ በጆሮዋ ሰምታታለች፣ አንዴም አይደል፣ ስንቴ!
እንዲህ ነበር የምታደርገው»
አለችና ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች።

እኔ ግን፣ ስማኝ፣
በሣጥኑ ወረቀት ላይ
ስለ ጣት አንድ ቃል አልጻፍኩም።

አያቷን ሄጄ አልጠየቅኩም። አልጠይቅም።

በል፣ ስምህን ጻፍ፣ ቀኑንም። እርሳሱን አትውሰድ።
ክዳኑ ጠቅ እስኪል ተጫነው፣ እርጥበት ወረቀት ይወዳል።
ስትመለስ በድልድዩ እለፍ።
ቤቴ ሩቅ አይደለም፣ ጆሮዬ ግን ደክሟል፤
የምታፏጭ ከሆነ
ጠንከር አድርገህ አፏጭ።