ባትሪው እንዳይሞት

መኪናዬ ቆማለች ከአጥሩ ተጠግታ፣
ዶሮ ትጥላለች ጋቢናዋ ገብታ፤
አራተኛ ወሯ።
ከፍኖተ ሰላም መውጫው ተዘግቷል፣
በስፖኪዮዋ ጥግ ሸረሪት አድርቷል።
የከተማዬ ስም «የሰላም ጎዳና»፤
ሰሙ እኛ ዘንድ ነው፣ ወርቁ አልመጣም ገና።

ጧት ጧት ግን ተነሥቼ ቁልፉን አዞራለሁ።
ደምበጫ ላልሄድ፣ ቡሬም ላልሻገር፣
አንድ ሰው ላልጭን፣ አንድ ብር ላልቆጥር፣
አሥር ደቂቃ ያህል እንድትናገር።
«ባትሪው እንዳይሞት ነው» ስላት ጥሩዓለምን፣
«የአንተስ?» ትለኛለች እየለቀመች ምስሩን።

የኔማ ሞቶ ነበር።
በመጀመሪያው ወር
ከአልጋ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ አልጋ፣
ዓይኔ እንደ ፈጠጠ ሌሊቱ ሲነጋ፣
«ምን አሉ? የት ደረሱ?» ስል፣
ራት ሲቀርብልኝ «በልቻለሁ» ስል፣
ልጄ «አባባ» ስትል «ቆይ» እያልኩ ሳቆያት፣
አንድ ቀን በኩባያ፣
ከእጇ በወደቀ፣ በተራ ኩባያ፣
በአምስት ዓመት ልጅ ላይ
እንደ ኬላ ዘበኛ ጮህኩባት።
ዝም አለች። ስብርባሪውን በጣቷ እየነካች
«ይቅርታ፣ መንገድ ሲከፈት እገዛልሃለሁ» አለች።

በማግስቱ ረዳቴ ልየው መጣ፤
ደሞዝ ካቆምኩለት ሰንብቷል፤ ግን መጣ።
«ጋሼ፣ የቆመ ጎማ ይሞታል በአንድ ጎኑ፤
ይነሡ፣ እንግፋት።»
ሁለት ክንድ ወደ ፊት፣ ሁለት ክንድ ወደ ኋላ፣
ላቤ ጠብ ሲል ጊዜ ራበኝ፤ «እስቲ ልብላ»
አልኩ እንደ ሰው ልማድ፤
ያን ሌሊት ተኛሁኝ እንደ ወደቀ ግንድ።

ወሬ ማን ይተዋል? እህቴ ቋሪት ናት።
ግን አንዴ ነው፣ ቀትር ላይ፣ ቆሜ የምሰማው፤
ማታ የስልኬ ማደሪያ ከቆጡ ላይ ነው።
ተኝተው የሰሙት ወሬ
ትራስ ሥር ይገባል፣ ያድራል እንደ አውሬ።

ልቤ ሲደልቅስ? እሱን ከአባይ በረሃ ተማርኩት፤
ያን የደጀን ቁልቁለት ስንቴ ወረድኩት!
ፍሬን ብቻ ያመነ ጎማው ይጨሳል፣
በማርሽ የያዘ ከድልድዩ ይደርሳል።
ፍርሃቴንም አሁን በድንገት አልረግጠው፤
አንደኛ ማርሽ ብቻ፦
አየር ሳብ... ቀስ አርጎ መልቀቅ... ሳብ... ቀስ...
ቁልቁለቱ ራሱ ከሜዳው እስኪደርስ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ሹፌሮች እንሰበሰባለን፣
በቆመችው መኪና እንሳፈራለን፤
መሪው ላይ ማንም የለ፣ ሁላችን መንገደኛ፣
ልየው በሩን ዘግቶ «ሳበው!» ይላል ለእኛ።
የሻምበል ጀመረ፦ «የባንክ ዕዳ አለብኝ፤
ቀን ሰው ፊት እስቃለሁ፣ ማታ ማታ ያስለቅሰኛል»
ብሎ ዝም አለና፣
«ወራጅ አለ» አለ።
ማንም አልመከረው። ትንሽ ጠጋ አልንለት።
ከዚያ እንየው፣ ከዚያ አበጀ፣ ከዚያ እኔ፤
የኩባያዋን ነገር ነገርኳቸው።
«ወራጅ አለ» ስል ድምፄ ተሰበረ፤
የወረደው ግን እኔ አልነበርኩም፤
ደረቴ ላይ አራት ወር በነፃ የተሳፈረ።

ዛሬ ጧት ቁልፉን ባዞር ጸጥ አለች።
ያን ያህል ተጠንቅቄም ባትሪው ሞቶ ነበር።
አልተቆጣሁም። የሻምበልን ጠራሁት፤
ከእሱ ባትሪ ወደ እኔ ሽቦ ዘረጋን፤
ሁለት ጊዜ አቃሰተች፣ በሦስተኛው ተነሣች፣
ዶሮዋ ከጋቢና እየጮኸች በረረች፣
ልጄ እስክትወድቅ ሳቀች።
ጥሩዓለም ከደጁ ብቅ ብላ፣ «የአንተስ?»
«ይሠራል» አልኳት።
«ዛሬ ይሠራል።»