የቀኝ በር እጀታ

ሞንቴቪዴዎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ጠባብ ናት ጋራዤ፤
ለአንድ መኪና ትበቃለች፣ ለእኔም በጎን ካለፍኩ ብሩሼን ይዤ።
የውጭ ቆርቆሮ አልነካም፤ ለዚያ ሌላ ሰው አለ፤
የእኔ ሥራ ውስጡ ነው፦ ክርን ያሻሸውን፣ ጥፍር የጫረውን
እንዳልነበር ማድረግ፣ ከተቻለ።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች ኤሊዳ ቤንታንኮር
በዚያችው ፊያት ኡኖ። ከተማሪ ሰሌዳው የቀረው
ጣራዋ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ ነበር።
ሠላሳ ዓመት መንዳት ያስተማረችበት፤
እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣
ከመሪው ጋር የታገልኩበት።

«ለእህቴ ልጅ ልሰጣት ነው፤ ማስተማር ትጀምራለች በመጋቢት።
የቀኝ በር እጀታውን ቀባልኝ።
ሌላው ማርጀቱን ይመን፣ የለበትም ክፋት።»

ገረመኝ። መኪና የሚያረጀው በሹፌሩ ወገን ነው፤
የግራ ክርን ማሳረፊያው፣ የማርሹ ራስ፣ የወንበሩ ጠርዝ መውጫ መግቢያው።
ይሄ ግን ቀኙ ነበር። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት፤
አራት ጣት። አራት ጎድጓዳ፤ ከአውራ ጣት ጋር አምስት።
ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል፣
ጥቁሩም በተራው እንደ ወንዝ ጠጠር ልሟል።

ምንም አልጠየቅኩም። በአልኮል ጠረግሁት፣
በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

የፋብሪካው የቀለም ቁጥር አለ፣ ከበሩ ማጠፊያ ሥር ተለጥፎ፤
በቁጥሩ የበጠበጥኩት ግን አልገጠመም፣ ባዕድ ሆኖ ቆመ ገዝፎ።
ቁጥሩ የአዲስ መኪና ነው። ይህ በር ሠላሳ በጋ ጠጥቷል፤
ከላ ፕላታ ወንዝ አፍ የሚነፍሰው ጨው ሰርጎበታል።
እናም ፀሐይን በጠብታ ቆጠርኩ። ቢጫ፣ ሁለት። ቡኒ፣ የትንኝ ዓይን የምታህል አንድ።
ነጭ ጨመርኩ፣ አፈጠጠ። ጥቁር፣ ሞተ።
እንደገና ከዜሮ፣ እንደ ልማድ።
በካርቶን ቁራጭ እየቀባሁ፣ በጸጉር ማድረቂያ እያደረቅሁ
(እርጥብ ቀለም ይዋሻል)፣
ከበሩ እያስጠጋሁ፦ ይሄ ይሻላል... ይሄ ይሻላል...
ሰባተኛው ካርቶን፣ ሳስጠጋው፣ ጠፋብኝ።
የት እንዳለ በጣቴ ዳበስኩ። ያኔ ነው ደስ ያለኝ።

ዳለቻ። ግራጫ የሚሉት ሰነፎች ናቸው።

ቴርሞሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ የማቴ ቅሏን በብረት ቀሰም እየማገች፣
ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድንገት «ፍርሃት ነው» አለች።
«ምኑ?»
«የምትቀባው። አፌ ‹ቀስ፣ ጎበዝ› ይላል፤
እጄ ግን ከበሩ ጋር የራሱን ወሬ ያወራል።
ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም። ተማሪዎቿም ባያዩት ደግ ነው፤
የአስተማሪውን ፍርሃት ያየ ተማሪ
ፍሬን የሚረግጠው ገና ሞተር ሳያስነሳ ነው።»

አንድ ቀን፣ አውቶቡስ አፍንጫ ሥር፣ ሞተሩ ጠፍቶብኝ ቆሜ፣
ጡሩምባው ከኋላ ሲያጓራ፣ ሊቆም ሲል ደሜ፣
«ጊዜ አለን» ነበር ያለችኝ። ድንጋይ ናት ብዬ ነበር።
ከእነዚህ ጎድጓዶች ስንት ሚሊ ሜትሩ የእኔ ይሆን?
በጥፍሬ ለካሁ፤ አይነገር።

ሞላሁት። ሦስቴ ቀባሁት፣ ስስ ስስ፣ በስፖንጅ ነካ ነካ፣
የቆዳ መልክ እስኪያወጣ፣ ከጎረቤቱ ጋር እስኪለካካ።

«እስከ ነገ እንዳትነኪው» አልኳት። ላደርሳት ወጣን፤ እኔ መሪው ላይ፣ እሷ በቀኝ።
አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ መዳፌን ግን አላበኝ።
ከማዕዘኑ አንድ ሞተር ብስክሌት ዘሎ ወጣ። ፍሬን ያዝኩ።
ድሮ መንገዱን ነበር የማየው፤ አሁን እጇን አየሁ።
ወደ በሩ በረረ፤ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ትዝ አላት፤
አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ፣ የሚይዘው ቢያጣ፣
የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠላት።

«ጎበዝ» አለች፣ በዚያው ድምፅ።
«አሁን ቀስ ብለህ፣ ክላች።»