ጅራቱ የተቆረጠ ቁጥር

ፔዳ ግቢ፣ ሌሊት ስምንት፤ የጣና ትንኝ መስኮቱን ወርሶ፣
ለድረ ገጹ ቆጣሪ እተክላለሁ፣ ሻዬ ወረቀት ላይ ፈስሶ።
«ደጅ ላይ ፈቃድ ጠይቅ» አልሁት፤ «እምቢ ያለህን እለፈው፤
የአድራሻውን ጅራት ቁረጥ፤ ወር ሲሞላው አራግፈው።»

ይርሳው ሳቀብኝ፦ «ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ተረፈሽ?»
«ቁጥሩ» አልሁት። የዘጌ ጀልባ ነጂ እንኳ፣ ሰው ሲጭን አመሻሽ፣
ራስ ቆጥሮ ነው የሚነሣ፣
ማን ስለት እንደያዘ፣ ማን ዕዳ እንደሸሸ ሳያወሳ።

ይኸው በሳምንቱ
«ትምህርት ማቋረጫ» የሚለው ቅጽ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ አደረ፤
ተሞልቶ የመጣ የለም፤ ባዶው ባዶውን ቀረ።
አንድ ሰው ሦስቴ ይሁን፣ ሦስት ሰው በየተራ፣
ከዶርም ይሁን ከሐይቁ ማዶ፣ ከደንቢያ ወይ ከደራ፣
አላውቅም። በገዛ መቀሴ ቆርጬ የጣልሁት ጅራት
ሲያሳክከኝ አደረ ያን ሌት።

ያዘዝሁትን ግን አልሻርሁም።
የወይዘሮ አንጓችን ስልክ፣ የምክር ክፍሉን፣
ከግርጌ አንሥቼ ከቅጹ አናት ሰቀልሁ፣ አድምቄ ቀለሙን።

ጧት ቆጣሪው አራት አለ።
ደወለ ይሆን? ወይ አልደወለ?
አንጓች አትነግረኝም። እኔም አልጠይቃት።