ስንት ቀን ያስኬዳል?

የገዛነው ሙሻማ፣ ከቅዳሜ ገበያ፣
የዓለም ካርታ አለበት፣ ከጃፓን እስከ ኬንያ፤
የወጥ ቤት ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ለብሶ፣
ብራዚል በወይን ጠጅ፣ ህንድም በዘይት ርሶ።
የኛን አገር ግን ያተመው ሰው ረስቷት፣
ወይ ጠብባ አስቸግራው ስሟን ሳይጽፍ ትቷት፣
የጨው ዕቃ ነው ሁሌ የሚቀመጥባት።

ሶሮካ፣ የኛ መንገድ፤ ስድስት ቤት ተቆልፏል፣
ቁልፉ አደራ ነውና እኛ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።
አሁን የኛንስ ቁልፍ ለማን እንሰጣለን?
ጎረቤቱ አልቆ ሚስማሩ ብቻ ቀርቶልን።

ማታ እራት ሲነሣ፣ ሳህኑ ሲታጠብ፣
ባሌ ግሪጎሬ እርሳሱን ሲጠርብ፣
በልጃችን በዶይና የሒሳብ ደብተር ላይ
አገር ይሰለፋል፣ ደመወዙ ሊታይ።
ኪራዩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ብርዱና ቀረጡ፣
በየዓምዳቸው ቆመው ለፈተና መጡ።
እንዲህ ነው የድሃ ሹመት፤ በወረቀት ላይ ንጉሥ፣
ጀርመንን የሚሽር፣ ካናዳን የሚያነግሥ።

ፖርቱጋል ኦሬሊያ አለች፣ ታናሽ እህቴ፣
የሆቴል አልጋ አንጣፊ፤ “ነይ እንጂ በሞቴ፣
ባሕሩ! ፀሐዩ!” ትላለች፤ አንድ ቀን ግን
በቁም ነገር ብጠይቃት ዋና ሄዳ እንደሆን፣
“እሑድም እሠራለሁ” ብላ ዘጋችው ስልኩን።

ጀርመን ነርስ ትሻለች፤ እኔም ነርስ ነኝ፣ ግና
የቋንቋው ፈተና!
ቃላቸው እንደ ዕቃ ባቡር፣ ፉርጎ በፉርጎ ተቀጥሎ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ ጭራው እስኪያልፍ፣ ልቤ ዝሎ።

ካናዳ በነጥብ ነው፤ ዕድሜ ታስቆጥራለች፤
አርባ ሦስቴን ስነግራት ፊቷን አዞረች፤
የበሬ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ ነጋዴ፣
በአፏ አላለችኝም “አርጅተሻል እንዴ?”

ዶይና ከደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ
አንድ ዓምድ ጨምራለች፣ ጎልቶ ተጽፎ ጎልቶ፦
“ውሻስ ይገባል ወይ?”
ይገባል ሁሉም ጋ፣ ወረቀት እስካለው፤
ክትባት ካገኘ ውሻ ድንበር የለው።

ሞሽ ኒካኖር፣ አማቴ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣
ደረቅ ዳቦአቸውን በሾርባ አለስልሰው፣
“እኔ” አሉን አንድ ማታ፣ “ከዚህ ደጃፍ ሳልወጣ
ሦስት አገር ኖሬአለሁ፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመጣ።
ቡካሬስት ስትገዛ ተወለድኩ፤ በሞስኮ ስም ተማርኩ፤
በኪሺናው ማኅተም ጡረታዬን ቆጠርኩ።
ባንዲራው ተሰደደ፤ ሳንቲሙም ተሰደደ፤
የጓሮዬ ፕሪም ብቻ ሥሩን ሰደደ።
እናንተ ግን ሂዱ፤ አልፈርድም፤ ልጅ ይማራል።
አንድ ዓምድ ግን ጎድሏል፤ ጻፊው፣ እንዲህ ይላል፦
‘ከዚያ እስከዚህ ድረስ ስንት ቀን ያስኬዳል?’”

ግሪጎሬ ሳቀ፤ “ምን ችግር፣ አውሮፕላን አለ!”
አባቱ ቀና ሳይሉ፣ ቁራሹ በጣት እንዳለ፣
“በኛ ዘንድ ሬሳ ሦስት ቀን ነው የሚጠብቅ”
አሉና፣ “ጨው አቀብዪኝ።” አነሣሁት ሳላውቅ፤
ከሥሩ ያች አገር፣ ስም የለሽ፣ ድቅቅ፣
የዕቃው ክብ ጠባሳ ዙሪያዋን ከቧት፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት ዐየኋት።

ካናዳ ተሰረዘ፤ ማንም አልጠየቀ።
ፖርቱጋል በአውቶቡስ፣ ጠረፍ ካልተጨናነቀ፣
አራት ቀን፤ የኦሬሊያ ባሕር ከዝርዝሩ ወደቀ።
ጀርመን በሚኒባስ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሁለት።
ጻፍኩት።
ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዋጋ እንደተቆረጠለት
ሸማች።
ከዚያ ሾርባቸውን ጨረሱት።

ጠዋት በሰዋስው መጽሐፍ ላይ አንቀላፍቼ ስነቃ፣
ሞሽ ኒካኖር ውጭ ናቸው፣ በእጃቸው የዘይት ዕቃ፤
የአጥሩን በር ማጠፊያ፣ ለዓመታት ያላዘነውን፣
በዶሮ ላባ ይቀባሉ፤ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣
ጆሮ ሰጥተው ያደምጣሉ ድምፁን።

“ምነው በዚህ ብርድ?” አልኳቸው።
“በሌሊት ነው የምትደርሱት” አሉኝ፤
“ሲጥ ሲል እንዳይቀሰቅሰኝ ብዬ ነው።”