ውስን አገልግሎት

ከታይዋን ገዝቼ፣ በአንሶላ ጠቅልዬ፣
ባጃጅ ላይ ታቅፌው፣ «ቀስ በል፣ ጉድጓድ!» ብዬ፣
አመጣሁላቸው ለጋሽ ጫንያለው፣
ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ በራቸው ክፍት ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት የምድር ባቡር ዕቃ ቤት ሹም፣
ዛሬ የዕድር ጸሐፊ፤ ደመወዝ የለውም።
ዐሥራ ሁለት ደብተር፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው፣
ሰማያዊ ቀለሙን የድሬ ላብ ያራሰው፣
«ዐይኔ ሳይከዳኝ» አሉ፣ «ገልብጬ ልጨርሰው።»

በራ። አገር ጠየቀ፤ ነገርነው።
ሰዓት ጠየቀ፤ አዲስ አበባ የለም፣ ናይሮቢ ነው ያለው።
«ይሁን» አሉ፣ «ፀሐዩ እንደሆነ ያው ነው።»
ከዚያ ቆመ።
«ከኢንተርኔት ይገናኙ።»
«እለፍ» የሚል የለ፣ «በኋላ» የሚል የለ፣
ነጥብ በነጥብ እየዞረ፣ እንደ ግትር በሬ እዚያው ቆሞ ዋለ።

«ካገናኘነው» አልኩ፣ «አካውንት ይጠይቃል፤
ስም፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፤ ያኔ በሩን ይከፍታል።»
«የማንን በር?»
«የኮምፒውተሩን።»
«የገዛሁትን?»

ዝም አልኩ።

«አቦ! እኔ እዚህ ከተማ ከባቡር ስወርድ፣ ገና ልጅ ሆኜ፣
አንድ የቆርቆሮ ሳጥን በገመድ ሸብቤ፣ ይዤ፣
የማን ልጅ ነህ ያለኝ ማን ነበረ? ማንም።
ውሃ ጠጣ አሉኝ እንጂ፣ ማነህ አላሉኝም።
ይሄ ዛሬ መጥቶ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ፣
በገዛ መብራቴ፣
ማነህ ይበለኝ?

ስሜስ ቢሄድ ይሂድ፤ የሽማግሌ ስም ማን ይሰርቃል?
ይሄ ግን የሰው ገመና ነው፤ ከኔና ከደብተሩ በቀር ማን ያውቃል?
ስድስት ወር ያልከፈለ አለ፣ በዝምታ ያለፍነው፣
ሚስቱን ቀብሮ፣ ለድንኳኑ ኪራይ፣ በማታ መጥቶ ያለቀሰ ሰው።»

«የትም አይሄድም» አልኩ፣ «ደመና ላይ ይቀመጣል።»
ይሄን ማለት አልነበረብኝም።
«ደመናን ለድሬ ሰው! ላይ ሐረር ይቋጥራል፣
እዚህ ጠራራ ነው፣ ልጅ አሸዋው ላይ ይጫወታል፣
ሌሊት ደቻቱ ይመጣል።»

ዋይፋዩን አጠፋሁ።
ሺፍትን ይዤ፣ ኤፍ ዐሥርን ስጫን፣
ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ ልክ እንደ ጓዳ በር፤
አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ጠፋ፤ ተነሣ እንደገና፤
አሁን ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ዐይን በማይገባ ፊደል፣
«ኢንተርኔት የለኝም» የሚል አለ።
«እውነቱን ነው» አሉ።

ማሽኑ ግን አልተኛም፦
«ውስን አገልግሎት ብቻ ያገኛሉ። ይቀጥሉ?»
ሳቁ ጋሽ ጫንያለው፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ።
«ውስን! ጡረታዬ ውስን፣ ጥርሴ ውስን፣
ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ በምርቃት፤
ቀጥል በለው፣ ለምደነዋል።»

«ማን ይጠቀምበታል?»
«ስምዎን ልጻፍ?»
«የለም። ዕድሩ በል።»
የይለፍ ቃሉ ላይ፣ «ዞር በል» አሉኝ።
የቤታቸው ቁልፍ ከአበባው ጣሳ ሥር እንዳለ
መንደሩ ሁሉ ያውቃል።
ዞርኩ። ፊደል ሲያድኑ ሰማሁ፣
በአንድ ጣት፣ ዘጠኝ ጊዜ።

ከዚያ አነበቡልኝ፣ ጻፍኩ፦
ደዌ ሮብሌ፣ ከፈለ።
ወሰንየለሽ ታፈሰ፣ ከፈለች።
ነጂብ ዩስፍ፣ ከፈለ።
የከፈለውን ጮክ ብለው፤
ላልከፈለው፣ «አንድ መስመር ባዶ ተው።»

ገጽ ዐርባ ሦስት ላይ መዳፋቸውን ጣል አደረጉ።
«ይሄን ገጽ እኔ እጽፈዋለሁ።
አንተ ውሃ ጠጣ።»

ከትንሿ ጣታቸው ሥር ግን
የአባቴ ስም መጀመሪያ ፊደል ወጥቶ ነበር፣
ዓመቱም፣ ፋብሪካው ያሰናበተው።

ተነሥቼ ቀዳሁ። ጠጣሁ።
ከኋላዬ ቁልፎቹ፣ በዝግታ፣
ቷ
ቷ
ከጥማቴ በላይ ጠጣሁ።