አርባ ዲግሪ

ከናካ ወንዝ ዳር፣ ከቤታችን ጓሮ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ የተሠራች ድሮ፤
መስኮት የላት፣ ጌጥ የላት፣
አርባ ዲግሪ ብቻ ነው ያላት።

አባቴ ቶኩጂ እዚያ ነው የሚውለው፣
አኩሪ አተር ቀቅሎ በሩዝ ገለባ ሲጠቀልለው፤
ሲነጋ ሲፈታ ናቶ ሆኖ አድሯል፣
ፍሬ ከፍሬ ጋር በክር ተሳስሯል፤
ሽታው አጥር ዘልሎ መንደር ሲያዳርስ፣
“ደረሰ” ይባላል፤ ሩዝ ይጣድ፣ ሳህን ይታበስ።

መጀመሪያ ግን ገለባው ይፈላል።
“እኔ አልመርጥም” ይላል፣ “ውሃው ይመርጥልኛል።”
ሻጋታው፣ የጭቃው፣ የወፍ ኩሱ ጓዝ፣
ሁሉም እዚያ ያልቃል፣ ድስቱ ሲንተከተክ፣ እንፋሎት ሲያግዝ።
አንድ ዘር ግን አለ፣ ያ የናቶ ግትር፣
ክፉ ቀን ሳይመጣ ራሱን የሚቀብር፤
ዕቃውን ጠቅልሎ፣ በሩን ደርግሞ፣
በቅርፊት ተሸፍኖ፣ ትንፋሹን አቁሞ፣
አይበላ፣ አያድግ፣ አይባዛ፣ አይፈርስ፣
ይጠብቃል ብቻ፣ ደግ ቀን እስኪመለስ።

ደጉ ቀን አርባ ነው።
ክፍሏ ውስጥ ሲገባ ቅርፊቱን ያወልቃል፣
አንዱ ሁለት ሆኖ፣ ሁለቱ አራት ይወልዳል፤
ግማሽ ሰዓት፣ እጥፍ፤ ግማሽ ሰዓት፣ እጥፍ፤
ጎህ ሲቀድ የአንዲት ፍሬ ሕዝብ ጃፓንን በቁጥር ሲያልፍ።

ሃያ ላይ ያዛጋል፤ አምስት ላይ ይተኛል፤
ስልሳ ላይ ያደገው ተጨማዶ ይቀራል።
“ብርድ ያስተኛል እንጂ አይቀብርም፣ ቺጉሳዬ፤
ያሳደገም የፈጀም ያው አንዱ ነው፣ ምድጃዬ።”

እኔ ኦሳካ ወደብ የዓሣ ጓዳ ነው የምጠብቀው፣
ከዜሮ በታች ሃያ፤ ሥራዬ ማንንም አለመቀስቀስ ነው።
“ያስተኛሽው ሁሉ” ይለኛል፣ “አንድ ቀን መብራት ይጠፋና ይነቃል።”
ስቄ አልፈዋለሁ፤ ቀልድም፣ እውነትም ይመስላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር
ለጤና ቢሮ ሰው ነው፣ ለምስክር፤
እሱ የሚያምነው የክርኑን ቆዳ ነው፣
ግማሽ ዲግሪ ሲጎድል የሚሰማው።

እናቴ ሚሳኦ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበራት ቁስለት፤
ሌላ ዘር ገባባት። ለእሱ፣ የእናቴ ገላ
ሠላሳ ሰባት ላይ የተዘጋ ክፍል ነው፣ ምግብ የተሞላ።
ገላዋ አወቀ። እሳት ጨመረበት።
ሠላሳ ዘጠኝ ከስምንት።
“ይህ ትኩሳት” አለ ሐኪሙ፣ “መዋጋቷ ነው።”
በረዶ በጨርቅ ይዤ ወደ ግንባሯ ሳስጠጋው
አባቴ እጄን ያዘ፤ ክርኑ ከአንገቷ ላይ፣
“ተያት፣ ትንሽ ትሙቅ፣ ትንሽ…” አለ፣ እኔን ሳያይ።
አልበቃም። አንድ ዲግሪ ጎደለ ወይ አንድ ቀን፣
ማንም አልነገረን።
ከዚያ፣ ዲግሪ በዲግሪ ስትበርድ፣
ክርኑን ከአንገቷ አላነሳም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲርድ።

ባለፈው ሳምንት በረዶ የመብራት ገመድ በጠሰ።
ክፍሏ ጨለመች፤ ሙቀቷ ፈሰሰ፤
ሠላሳ፣ ሃያ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ…
ባትሪ ይዤ ስገባ ባዶ መደርደሪያ ጠበቀኝ።
አባቴን ፍራሹ ላይ አገኘሁት፣ ብርድ ልብስ ሦስት አጥፎ፣
ብብቱ ሥር፣ ሆዱ ላይ፣ ጥቅሉን እንደ ዕንቁላል ታቅፎ።
“ሠላሳ ስድስት ተኩል ነኝ” አለ፣ “አርባ አልደርስም፤
ለብቻዬ ደግሞ አልችልም።”
በእናቴ በኩል ተኛሁ።
አሥር ጥቅል ገለባ ደረቴ ላይ ይዤ አነጋሁ።

ጠዋት ስንፈታው፣ ክሩ ቀጭን፣ አጭር።
በዘንጎቹ አነሳና፣ ምንም ሳይናገር፣
ቀመሰው።
“ሦስት ዲግሪ ይቀረዋል” አለ።
ሳህኑን ግን ጨረሰው።