ሞክሼ

ስልኩ ሲያቃጭል ሌሊት ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ከጥቁር ባሕር የተነሣ ነፋስ በቫርና ከተማ
መስኮት ለመስኮት ይዞራል፣ ያልተዘጋ እየፈለገ።
አነሣሁት።

«እኔ የነካሁት ሰባትን ነው፣» አለች ነርስ ቶንካ፣
«ሦስተኛው ክፍል ባዶ ሆነ፣ ጣቴ እንኳ ሳይነካ!
ሽማግሌው ጌንቾ ይኸው አልጋቸው ላይ ያንኮራፋሉ፣
በስክሪንሽ ግን ‹አልጋ ለቀዋል›፣ የሉም ይባላሉ።
ከአምቡላንስ የወረደ ሰው ደጅ ላይ ቆሟል፣ እያቃሰተ፣
የእሳቸው አልጋ የእሱ ነው ብሎ ኮምፒውተሩ ሞገተ።
ማንን ልመን ታዲያ፣ ዓይኔን ወይስ ያንቺን መስታወት?»
«ዓይንሽን!» አልኩና ተነሣሁ፣ በፒጃማዬ ላይ ካፖርት።

የጃቫው መዝገብ ተዘረጋ፣ ፋይል በፋይል ላይ ተጣጥፎ፣
ከስምንት ዓመት በፊት ሜቶዲ የሚባል ሰው ጽፎ
የተወው።
ሜቶዲ ዛሬ ዶብሪች አጠገብ ቀፎ የሚጠብቅ ጡረተኛ፣
ያኔ ግን በመሥሪያ ቤታችን በቁጠባ አንደኛ፤
ገንዘብ አይደለም፣ መስመር ነበር የሚሰስተው።

አንድ ኮምፖነንት ሠራ፦ አልጋ። ስም፣ ቀን፣ አንዲት ቁልፍ።
ለልብ ክፍል፣ ለሳንባ ክፍል፣ ለወላዶቹ ደጃፍ፣
በየገጹ እንዲተከል እንጂ ዳግመኛ እንዳይጻፍ።
ደግሞም ኤጃክስን አሰማራ፣ ገጹ ሁሉ እንዳይታደስ፣
አንዲት ቁልፍ በተነካች ቁጥር ቤቱ በሙሉ እንዳይፈርስ፤
መልእክቱ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ከሰርቨሩ ተማክሮ፣
የተለወጠችዋን ቁራጭ ብቻ ይዞ ይመጣል በሮ፤
ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይመስል፣ ኮቱን ሳያስወልቅ
ክርኑ ላይ የተቀደደውን ብቻ ጠቅሞ የሚለቅ።

ይህ ሁሉ ደግ። ግን መልእክተኛው ቤት የሚያውቀው በስም ነው።

ሜቶዲ ሲሠራው በአንድ ገጽ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤
ሦስትና ሰባትን ኅዳር ላይ ያጎራበትኩ በአንድ ሰፈር
እኔ ነኝ። ነርሶቹ ጎን ለጎን ማየት ፈለጉ፣ እሺ አልኩ፣
ያንኑ ቁራጭ ሁለቴ ጠራሁ፣ በአራት መስመር ተገላገልኩ።
ኮራሁ እንኳ።
ሁለቱም አንድ ስም ተሸክመው እንደቆሙ አላየሁም።

ብራውዘሩ ስም ሲጠራ ከላይ ጀምሮ ነው፤
ሞክሼዎች በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ «አቤት» የሚለው
የፊተኛው ነው። ደብዳቤውን ተቀበለ፣ አነበበ፣ አመነ።
የሰባት ዜና፣ የሦስት እውነት ሆነ።

ይህን አሁን ነው እንዲህ የማወራው።
ያን ሌሊት ግን አላወቅሁም፤ ኮዱን ከላይ እስከ ታች፣
ከታች እስከ ላይ እዳብሳለሁ።
ቶንካ ስልኩን አልዘጋችም፤ ዝምታው ከብዷት መሰለኝ
ወሬ ጀመረች፦ «የሚገርምሽ፣ ጌንቾ እኮ ሁለት ነው ያለኝ።
ሰባት የነበረው የመርከብ ቀለም ቀቢው ነው፣ አሁን ቀዶ ጥገና ገባ።
እኛማ አንሳሳትም፤ አንዱን ‹የስቶያን›፣ አንዱን ‹የኮሊዮ› ብለን ነው ስንጠራ።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ደረቀ።
የአባት ስም!

ክፍሉን አባት አደረግኩላቸው፦ የሦስት አልጋ፣ የሰባት አልጋ።
ከዚያች ቃል ሌላ አልጨመርኩም። ሰርቨሩን አስነሣሁት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
«ንኪው፣» አልኳት።
ነካችው።
በመስመሩ ውስጥ የማሽን ጢጥታ፣ የሩቅ ሳል፣ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ።
«ሰባት ባዶ ሆነ፣» አለች። «ሦስት አልተንቀሳቀሰም፤ ሽማግሌው አሁንም ያንኮራፋሉ፣ ልታሰሚያቸው?»
አሰማችኝ።

ሲነጋ፣ እንቁላሉ ጠንክሯል ብለው ተቆጡ፣ አሉ፤
ለአርባ ደቂቃ ከመዝገብ እንደጠፉ ማን ነግሯቸው?

ሜቶዲ ጋ ደወልኩ። ከቀፎዎቹ ላይ በረዶ ይጠርግ ነበር።
«አስጠንቅቄ ነበር እኮ፣» አለ፣ «ከራስጌው፣ በሁለት መስመር፦
‹ሁለቱን በአንድ ገጽ ስታኖር፣ መጀመሪያ ስም ለይ።›»
ፈለግኩት። የለም።
ኅዳር ላይ «ኮዱን ላጽዳ» ብዬ ማስታወሻዎቹን የሰረዝኩት
እኔው ነኝ።

አልነገርኩትም።
«ማር እልክልሻለሁ፣» አለ።
እሺ አልኩ።